እግሬን የያዘው ደረቴ ውስጥ ነበር

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ብዬ ነው የመጣሁት። ፓስተራችን ከጉባኤ በኋላ ሁልጊዜ "ደምሴ፣ መቼ ነው የምትመሰክረው?" እያለ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ደግሞ በልቤ "ይኼ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" እያልኩ እጠረጥረው ነበር። ትስቃላችሁ፣ እውነቴን ነው። አንዳንዱ ሰው ሲመሰክር ነገሩን አሳምሮ አሳምሮ ይናገራል። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ "ይኼስ የጨመረው የቱን ነው?" እያልኩ ነበር የምሰማው። ስለዚህ ዛሬ እኔን እንደዚያ እያሰበ የሚሰማኝ ካለ አልቀየመውም። የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ከሚሴ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ የከብት ነጋዴ ነኝ። ከባቲና ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሰንጋ እየገዛሁ በአይሱዙ ወደ ደጋ እልካለሁ። የከብት ገበያ ሰው ደግሞ ማንንም አያምንም። ሻጩ በሬውን ጨው አልሶ፣ በላዩ ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ያቀርብልሃል። አንተ ጥርሱን ታያለህ፣ ሻኛውን ትጨብጣለህ፣ አስነሥተህ ታስኬደዋለህ፣ ከዚያም በኋላ አታምንም። እኔ ይህንን ጠባይ ከገበያ ይዤው ቤቴ እገባ ነበር። ጎረቤት ሰላም ሲለኝ ምን ሊበደር ነው እላለሁ። ሰላም ካላለኝ ደግሞ ምን አድርጎኝ ነው የሚሸሸኝ እላለሁ።

ባለቤቴ ብርቄ ጌታን ያገኘችው ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድማ ነው። እኔ ለቀብርና ለሠርግ ካልሆነ የእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ አልረግጥም ነበር። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ሲጋራ አጨሳለሁ። ሳል የቆየ ወዳጄ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ይነሣል። ማንም ስለ እሱ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ልብ ብዬው አላውቅም።

ሙሄንም ታውቁታላችሁ፣ የሥራ ሸሪኬ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ገበያ የዋልን፣ እሱ በሬ ሲያይ እኔ ሻጩን የማይ፣ እንደዚያ ሆነን የኖርን ሰዎች ነን። አንድ የባቲ ገበያ ቀን፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሙሄ ከአንዲት አፋር ሴት የግመል ወተት ገዛና ከአንድ ኩባያ ተቀባብለን ጠጣን። ጣፋጭ ወተት ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው ጭኔ የከበደኝ።

እንዴት መሰላችሁ? ከተቀመጥኩበት ዱካ ላይ ልነሣ ስል እግሬ የእኔ አይሆንም። ሕመም የለውም፣ አይቆረጥመኝም፣ ዝም ብሎ እምቢ ይለኛል። አይሱዙ ላይ ልወጣ ስል ከኋላ የሚገፋኝ ሰው ፈለግሁ። ከዚያ አፌ ደረቀ። ጫቱ ነው አሉኝ፣ ጫቱን ተውኩ፣ አፌ ግን እንደ ደረቀ ቀረ። የዓይኔ ቆብ ወረደ። ክንዴ ጋቢ ለማጣፋት ይሰንፋል። በጉባኤ ፊት የማይነገር ሌላም ነገር ነበር፣ ያገባችሁ ወንዶች ገብቷችኋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼ ነው። መጀመሪያ ስነሣ ሁለት ሰው ይጎትተኛል። ትንሽ ከተራመድኩ በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ ይለቀኛል፣ ጤነኛ እመስላለሁ። ከዚያ ተመልሶ ይይዘኛል። እኔም "የሚሄድና የሚመጣ በሽታ አለ እንዴ? ይኼ ሰው የላከው ነገር ነው" አልኩ። ማን ነው የላከው? ከማን ጋር በላሁ? ከማን ጋር ጠጣሁ? ወገኖቼ፣ ሐሳቤ ዞሮ ዞሮ ባቲ ደረሰ፣ ከወተቱ ላይ ሄዶ ቆመ።

"ከአንድ ኩባያ አይደል እንዴ የጠጣችሁት?" ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። "ማርከሻውን ቀድሞ ወስዶ ይሆናል" ብዬ መለስኩለት። ጥርጣሬ መልስ አጥቶ አያውቅም።

በዚህ መሐል የሙሄ አክስት አረፉና ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል። ሼህ ይመር ገቡ። የሙሄ አማት ናቸው፣ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ሰዉ ሁሉ ኖር ብሎ ብድግ አለ። እኔ አልተነሣሁም። አንዴ ሞከርኩ፣ ደገምኩ፣ መዳፌን ምንጣፉ ላይ ተክዬ ገፋሁ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ቂጤ ከመሬት አልለቅ አለ። "አልቻልኩም" ለማለት አፈርኩ። የከብት ነጋዴ መሆኔን አትርሱ፤ ደከምኩ ያለን ሰው ገበያ ይበላዋል። ሼሁ ቆም ብለው አዩኝና አለፉ። ከዚያ በፊት በአንድ በሬ ነገር ተጨቃጭቀን ስለነበር፣ ሰዉ ሁሉ ቂም ይዞ ነው የተቀመጠው አለ።

ይኼስ ባልከፋ። ለቅሶው ሲበተን ወጣቶች ደግፈው አነሡኝ፣ ድንኳኑን ዞሬ ጥቂት ሄድኩ፣ እግሬ እንደ ልማዱ ለቀቀኝ። ማንም ሳይገፋኝ ዘልዬ ጋቢና ገባሁ። ዞር ስል ሙሄ ቆሞ ያየኛል። ለአማቱ ያልተነሣው ሰው መኪና ላይ እንደ ጎረምሳ ሲወጣ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አልመጣም፣ ባቲም ብቻውን መሄድ ጀመረ።

እኔ ምን አልኩ? "አያችሁት? ሥራውን ሠርቶ ዓይኔን ማየት ፈራ" አልኩ። እሱ በእኔ ይቀየማል፣ እኔ እሱን እጠረጥራለሁ፣ በሽታው ደግሞ ሁለታችንም በማናየው ቦታ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

ቤቴም ውስጥ ሰላም አልነበረም። ብርቄ ምግብ ስታቀርብ "አንቺ ቅመሺው" እላት ነበር። የገዛ ሚስቴን። እሷም አንድም ቀን ሳትቆጣ፣ መጀመሪያ ራሷ ጎርሳ፣ ውሃውንም ተጎንጭታ ትሰጠኝ ነበር። እሺ ስትለኝ ደግሞ "ለምን እሺ አለች?" ብዬ ሌላ ጥርጣሬ እጀምራለሁ። በዚያው ሰሞን ከሌላ አገር የመጣ፣ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው፣ የዚህ ቤት አገልጋይ ያልሆነ፣ "ደጃፍህ ሥር ጠላት የቀበረው ነገር አለ" አለኝ። አስቆፈርኩ። የተቋጠረ ጨርቅ ወጣ። እልል አልኩ፣ ተገኘ ብዬ። ብርቄ ጨርቁን አገላብጣ አየችና "ደምሴ፣ ይኼ እኮ ቤቱ ሲሠራ ግንበኛው እጁን የጠረገበት ቡትቶ ነው፣ ኖራው እንኳ አልለቀቀውም" አለችኝ። እኔ ግን ጨርቁን አቃጠልኩና እግሬ እስኪለቀኝ ጠበቅሁ። እግሬ አልለቀቀኝም።

ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሪህ ነው አሉኝ። ሌላው ጋ ሄድኩ፣ ነርቭ ነው ብለው የቫይታሚን መርፌ ወጉኝ። በመጨረሻ ጓሮ ወድቄ እዚያው ቀረሁ፣ ብርቄ ጎረቤት ጠርታ አስነሣችኝ። ደሴ ሆስፒታል ይሂድ ተባለ። መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፣ የሚደፍር ሾፌር የለም። ብርቄ ለእኔ ሳትነግረኝ ተነሥታ ሙሄ ቤት ሄደች።

ጠዋት የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ሙሄ ነው። ገብቶ "አሰላሙ አለይኩም" እንኳ በቅጡ ሳይለኝ በብብቴ ገብቶ አነሣኝ። ብርቄም አብራን ሆና መንገድ ገባን። እኔ በልቤ "ማለቄን ሊያረጋግጥ ነው የመጣው" እላለሁ። ኮምቦልቻ ላይ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ። ወገኖቼ፣ ክዳኑ የተከፈተ መሆን አለመሆኑን አገላብጬ አየሁ። ሳገላብጥ አይቶኛል፤ መኪናውን አስነሣ።

ደሴ ላይ ያየችኝ ዶክተር ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ብርቄ ካርድ ልታወጣ ስትሄድ ሙሄ ደግፎኝ አብሮኝ ገባ። ዶክተሯ ገና ከመቀመጤ "ጋሼ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለችኝ። ተቆጣሁ። "እኔ የመጣሁት ስለ እግሬ ነው፣ ከሲጋራዬ ጋር ምን አለሽ?" አልኳት። ፈገግ አለች እንጂ አልተቀየመችም። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታችው፣ እግሬ ዝም። ከዚያ "ጭንዎን ጥብቅ አድርገው ይያዙ፣ ይግፉኝ፣ ይግፉኝ፣ ይበርቱ" አለችኝና እንደገና መታችው። እግሬ ተስፈነጠረ። እኔም ደነገጥኩ። ቀጥላ ሁለት ጣቷን ሰጠችኝና "ይጨብጡኝ" አለች። እንደ ሕፃን ጨበጥኳት። "ይድገሙ። አሁንም። አሁንም።" እየደጋገምኩ ስጨብጥ እጄ በረታ፣ ጣቷን እስክታወጣ ድረስ።

ሙሄ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። "ዶክተር" አለ፣ "ይኼ ሰውዬ ታዲያ መጀመሪያ መነሣት አቅቶት፣ ጥቂት ከሄደ በኋላ መኪና ላይ ሊወጣ ይችላል?"

"ይችላል" አለች፣ "ለትንሽ ጊዜ። የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከው መልእክት ይሳሳል፣ ሲደጋገም ግን ይጠራቀምና ይደርሳል። ሰው ሲያያቸው የሚያስመስሉ ይመስለዋል።"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ "ጋሼ፣ ደረትዎን ማየት አለብን" አለች።

እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ አናቴ ላይ ወጣ። እግሬን ያመመኝን ሰው ደረቴን! አንካሳ በሬ ይዘህ ሄደህ ቀንዱን ልይልህ እንደሚልህ ሰው ማለት ነው። "ማሽን አላቸው፣ ማሽኑ ሥራ መፍታት የለበትም፣ ነገሩ ይኼ ነው" አልኩ ለራሴ። እሷ ግን ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችኝ። "አንዳንድ ጊዜ ሳንባ ላይ ካንሰር ገና ትንሽ ሆኖ ሲጀምር፣ ሰውነት ባዕድ ነገር መሆኑን ያውቅና የሚዋጋ መከላከያ ያዘጋጃል። ችግሩ፣ የካንሰሩ ገጽ የነርቭዎን ጫፍ ይመስላል። መከላከያው ጠላት መስሎት የራስዎን ነርቭ ይመታል። እግርዎ የደከመው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ግን ሳናይ መተው አልችልም።"

ስትናገር እኔን ያየችኝ መሰለኝ። ጠላት እየመሰለው የራሱን ሰው የሚመታ ማን ነበር? ሰውነቴ ጠባዬን ወስዶ በራሴ ላይ ሠራበት።

ኮሪደሩ ላይ ሙሄ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ። "ያን ቀን ለሼሁ ያልተነሣኸው አቅቶህ ነው?" አለኝ።

"አቅቶኝ ነው።"

"ወላሂ እኔ ንቀኸን መስሎኝ ነው። ለምን አልነገርከኝም አንተ ሰውዬ?"

መቼም ከዚያ በኋላ ምን ይደበቃል? "በባቲው ወተት የመረዝከኝ መስሎኝ" አልኩት።

"ከአንድ ኩባያ ነው እኮ የጠጣነው" አለ።

"ማርከሻ ወስደህ መስሎኝ።"

ሳቀ ወገኖቼ። ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ሄደበትና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። "አፉ በለኝ" አለኝ። እኔ የምለውን ቀድሞ እሱ አለኝ። ጌታ ይባረክ፣ ወንድሜ የተመለሰልኝ ከመዳኔ በፊት ነው።

ደረቴን አዩት። ነገሩ እዚያው ነበር፣ በቀኝ ሳንባዬ ላይ፣ ትንሽ ሆኖ። አዲስ አበባ ላኩኝ፣ በቀጭን ቱቦ ናሙና ወሰዱ፣ ነርቬንም በኤሌክትሪክ መረመሩት። ካንሰር ነው አሉኝ፣ የሳንባ ካንሰር። ሐኪሙ ታዲያ ምን አለኝ? "ይኼ ዓይነቱ ቶሎ የሚሮጥ ነው፣ ብዙ ሰው የሚመጣልን ከተሠራጨ በኋላ ነው። የእርስዎ እግር ቀድሞ ባይነግረን ኖሮ እርስዎም ቆይተው ነበር የሚመጡት።" ስረግመው የኖርኩት እግሬ ጠቋሚዬ ነበር። እኔ መልእክቱን ትቼ የላከውን ጠላት ስፈልግ ወራት አባከንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቀን ነርሷ ካፖርት ለብሳ፣ ድርብ ጓንት አድርጋ፣ አፏን ሸፍና ከረጢቱን ይዛ መጣች። "ልጄ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የተሸፋፈንሽው?" አልኳት። "መድኃኒቱ ቆዳ ከነካ ይጎዳል አባባ" አለችኝ። "አንቺን ቆዳሽን የሚጎዳውን ለእኔ በደም ሥሬ ልትለቂብኝ?" አልኳት። ሐኪሙን ጠየቅሁት። አልዋሸኝም፤ "አዎ፣ መርዝነት አለው፣ መጥፎውን የሚገድለው በዚያ ነው፣ ደህናውንም ትንሽ ይነካል" አለኝ። በምግብ ውስጥ መርዝ ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ ሚስቴን እያስቀመስኩ የበላሁ ሰው፣ በመጨረሻ መርዙን በግልጽ፣ በስሙ ጠርተው አመጡልኝ። አልፈልግም አልኩ። ከአልጋው ለመውረድ ታገልኩ፣ እግሬ እምቢ አለ፣ ደገምኩ፣ ወጣሁ።

ከመስኮቱ ሥር ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብርቄ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ትሰብከኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሰበከችኝም። "ደምሴ፣ አንተ ከሰው ማንን ታምናለህ?" አለችኝ ብቻ። ልመልስላት ፈለግሁ። "አንቺን" ልል አፌን ከፈትኩ፣ አስቀድሜ ያስቀመስኳት ጉርሻ ሁሉ ታየኝና ዘጋሁት። ሌላ ስም ፈለግሁ። በዚህ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ አንድ ስም አጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ካንሰር ነው ሲሉኝ እንኳ እንደዚያ አልከፋኝም።

ያኔ ነው የጸለይኩት። አማርኛዬ የጸሎት አልነበረም። "ጌታ ሆይ" አልኩ፣ "ብርቄ የምታናግርህ አንተ ከሆንክ ስማኝ። እኔ ሰው ማመን አልችልም። አንተንም አላምንህም፣ ይኼን ብልህ ትቆጣ እንደሆነ አላውቅም። ግን ብቻዬን መሆን ሰለቸኝ። ማመኑን አንተ ስጠኝ፣ እኔ ጋ የለም።"

ብርሃን አልወረደም። ድምፅ አልሰማሁም። ሰማ ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ቀን ከሌሊት "ማን ነው? ለምን አለ? ምን ፈልጎ ነው?" የሚለው ልቤ ግን ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። የሆነ ነገር እጄን የለቀቀኝ ያህል ተሰማኝና አለቀስኩ። ብርቄ እጄን ይዛ ስትጸልይ፣ እኔ ቃሏን እየተከተልኩ፣ እዚያው ወንበር ላይ ኢየሱስን ጌታዬና አዳኜ ብዬ ተቀበልኩት። ሃሌ ሉያ። ከዚያ ነርሷን "ልጄ፣ ነይ አምጪው" አልኳት። እጅጌዬን ራሴ ሰበሰብኩ።

ቀላል አልነበረም። ፀጉሬ ረገፈ፣ አስመለሰኝ፣ ውሃ እንኳ ብረት ብረት አለኝ። ቀጥሎ ጨረር ተሰጠኝ። ነገር ግን ካንሰሩ ሲቀንስ እግሬ መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን ሙሄ ሊጠይቀኝ ከሼህ ይመር ጋር መጣ። ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ እኔ ወንበሩን ተደግፌ ተነሣሁና "ኖር" አልኳቸው። "ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ፣ አላህ ያሽርህ" ብለው በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም።

የመጨረሻው ፎቶ ሲነሣ የሚታይ ነገር የለም አሉ። "ታዲያ ዳንኩ?" አልኩት ሐኪሙን። "ይኼ በሽታ ሊመለስ ስለሚችል እንከታተልዎታለን፣ አሁን ግን ደህና ነዎት" አለኝ። አልማለልኝም፣ ስላልማለልኝ አመንኩት። እግሬ እንደ ድሮው አይደለም፣ የድካሙን ክኒን እወስዳለሁ። ሲጋራውን ጥያለሁ። ሙሄ በመስጊዱ፣ እኔ በጉባኤዬ፣ ሥራችን ግን አንድ ነው። ዛሬም ያመጣኝ እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ጸሎትን ከሐኪም የሚለይ ሰው ቢመጣባችሁ አትስሙት። እግራችሁ ከደከመ፣ ሳላችሁ ከቆየ፣ ደጃፋችሁን አታስቆፍሩ፣ ሂዱና ታዩ። ጌታ ለእኔ የሠራው በብርቄ ትዕግሥት ነው፣ በሙሄ መኪና ነው፣ ሲጋራ ያጨሳሉ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ በተቆጣኋት ልጅ ነው። ክብሩን ሁሉ እሱ ይውሰድ።

በመጪው ሳምንት ደግሞ ለምርመራ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ድሮ የማላውቀውን ነገር በሰው ስም ነበር የምሞላው፣ እገሌ ነው፣ እገሊት ናት እያልኩ። አሁን የማላውቀውን ሳላውቅ ለጌታ ሰጥቼው እተኛለሁ፣ ብርቄም ታንኮራፋለህ ትለኛለች። እዚህ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ "ይኼ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?" የምትሉ ካላችሁ፣ የፈለግሁት ይኼን ብቻ ነው፤ ጌታን ሞክሩት። ከነጥርጣሬያችሁ ኑ። "አላምንህም" ያለውን ሰው አላባረረም።